ሰባት ጣቃ አረንጓዴ

ያን ዕለት ጠዋት፣ ለሁለት ሳምንት ያላባራው ዝናብ ድንገት ቀጥ አለና ፀሐይ ወጣች። የመንገደኛው ሁሉ ፊት ፈካ፤ የማይተዋወቀው ሳይቀር «ዛሬስ ወጣልን» እየተባባለ ያልፋል። በልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ላይ ያሉት ሱቆች በረንዳቸው ላይ የተኛውን ውሃ በመጥረጊያ እየገፉ ወደ ቦዩ ለቀቁት። ተማሪዋ ጫማዋን በአንድ እጇ አንጠልጥላ፣ ቀሚሷን በሌላው ሰብስባ፣ በጭቃው መሃል ድንጋይ ድንጋዩን እየመረጠች መጣች። ጫማው የእሷ ብቻ አልነበረም። ከደባሏ ጋር ግማሽ ግማሽ አዋጥተው የገዙት ነው፤ ኮሌጅ ሲከፈት እሷ ጠዋት ትማርበታለች፣ ደባሏ ከሰዓት በኋላ። የጋራ ነገር በጭቃ አይበላሽም።

ደስ ብሏት ነበር። ትምህርት ቤቶች ሊከፈቱ አሥራ ስምንት ቀን ቀርቷቸዋል። አልጋዋ ሥር ደግሞ ሰባት ጣቃ አረንጓዴ የቴትሮን ጨርቅ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቦ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ተኝቷል። የሦስተኛ ዓመት ትምህርቷ እዚያ ላስቲክ ውስጥ ነበር።

እርግጥ ስም ነበራት። ልብስ ሰፊው ቤት ውስጥ ግን በስሟ የጠራት ሰው የለም። ሥራ ልትጠይቅ የመጣች ቀን ደብተሯን ብብቷ ሥር ሸጉጣ በሩ ላይ ስትቆም፣ ባለቤቱ ከመነጽራቸው በላይ አይተዋት «ነይ ግቢ፣ አንቺ ተማሪ» አሏት፤ በዚያው ተማሪዋ ሆና ቀረች። የሰጧት የስፌት መኪና የማይነካውን ሥራ ነው፦ የቁልፍ ቀዳዳ በእጅ መዘምዘም፣ ቁልፍ መትከል፣ እጥፋት መስፋት፣ የተረፈ ክር መልቀም፣ ካውያ ማጋል። የሚከፈላት በቁጥር ነው፤ ይህን ያህል ቀዳዳ፣ ይህን ያህል ገንዘብ። ጣቷ ቀጭን፣ ዓይኗ ስል ስለነበር ቶሎ ለመደችው።

ጠዋት ጠዋት ጤና ኮሌጅ የላቦራቶሪ ትምህርት ትማራለች። ትምህርቱ ሦስት ዓመት ነው። ለመጀመሪያው ዓመት እናቷ የአንገት ሀብሏን ሸጠችላት። ሸጣ ስትመለስ ገንዘቡን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፣ «እኔ የምችለው ይችን ነበረች፤ የቀረውን አንቺ ታውቂያለሽ» አለቻት። ቁጣም ልመናም አልነበረበትም። እውነቱ ያው ስለነበር ነው።

ስለዚህ ተማሪዋ መቆጠብ ጀመረች። መቆጠብ ሲባል ሰው የሚያስበው የተረፈን ማስቀመጥ ነው። እሷ ዘንድ የተረፈ ስላልነበረ ከጎደለው ላይ ታነሳ ነበር። ታክሲ ተወች፤ ኮሌጁ ድረስ አንድ ሰዓት ከሩብ በእግሯ ትኳትናለች። ምሳዋ ዳቦ በሻይ ሆነ፤ ቆይቶ ሻዩም ቀርቶ ዳቦ በውሃ። ጸጉሯን በልብስ ሳሙና ታጥባለች። ደብተር ሲያልቅባት፣ ባለቤቱ ልኬት የሚያወጡበትን ቡናማ ወረቀት ለመነቻቸውና ያረጀውን ሁሉ ሰጧት። በአንድ በኩል የኮት እጅጌ ያለበት ወረቀት በሌላ በኩል የኩላሊት ሥዕል ተሳለበት። አንድ ቀን መምህሯ ወረቀቱን አገላብጦ አየና፣ «ይሄኛው ደግሞ የትኛው የሰውነት ክፍል ነው?» ቢላት፣ «ኮሌታ ነው፣ መምህር» አለችው። ክፍሉ በሳቅ አለቀ። እሷም ከልቧ ሳቀች። ያን ጊዜ መሳቅ ይቀላት ነበር።

የቆጠበችውን መጀመሪያ ባንክ አስገባችው። ዓመቱ ሳይጋመስ ታላቅ ወንድሟ ስልክ ደወለ። የቤት ኪራይ አለበት፣ ልጁ ታሟል፣ አሠሪው ከድቶታል። ሁሉም እውነት ነበር፤ ያ ነው ክፋቱ። ግማሹን ላከችለት። እሷ «የለኝም» ማለት አታውቅበትም፤ ሲኖራት ፊቷ ላይ ያስታውቃል፣ ድምጿ እንኳ ይለወጣል።

ባለቤቱ ይህን ሲሰሙ መቀሱን ሳያቆሙ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አየሽ፣ ልጄ፣ ገንዘብን ሰው ይጠይቅሻል። ጨርቅን ማን ይጠይቅሻል? ‹እህቴ ሆይ፣ ሦስት ሜትር ቴትሮን አበድሪኝ› የሚል ወንድም እስከ ዛሬ አላየሁም።»

«እውነታቸውን ነው» አለች መቀሷ። መቀሷ የሚሏት በበሩ በኩል ባለው መኪና ላይ የምትሰፋውን ትልቅ ሴት ነው፤ ስሙን ያወጣላት ምላሷ ነው። «እኔ እንኳ ባሌ ኪሴን ሲፈትሽ ኖሮ ጣቃ ስገዛ ነው የተወኝ። ተሸክሞ መጠጥ ቤት አይሄድ!»

ነገሩ በዚያ መንገድ የተለመደ ነው። ከልብስ ሰፊዎቹ መንገድ በላይ፣ ኮረብታው ላይ፣ ከሦስት ሺህ በላይ ልጆች የሚማሩበት ትልቅ ትምህርት ቤት አለ። ዩኒፎርሙ ጥቁር አረንጓዴ ነው። መቀሷ ልጅ ሆና ለብሳዋለች፣ ልጆቿም ለብሰውታል። በበጋ አረንጓዴ ጨርቅ የሚገዛ የለም፤ ዋጋው ይወድቃል። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ግን ወላጅ እንደ ጎርፍ ይወርዳል፣ ዋጋውም ወደ እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ልብስ ሰፊው ሁሉ በበጋ እየገዛ አልጋ ሥር፣ ጣሪያ ሥር፣ ቁም ሳጥን ላይ ያስቀምጣል። ባንካቸው እሱ ነው።

ተማሪዋ በቀራት ገንዘብ ሁለት ጣቃ ገዛች። በመስከረም ሸጠችው፤ የሁለተኛ ዓመት ክፍያዋ ከእነ ትርፉ ወጣ። በደስታ ደባሏን ግጥም አድርጋ አቀፈቻት።

በሁለተኛው ዓመት ከዳቦዋና ከኪራይዋ በቀር ገንዘብ መቀበሉን ተወች። ባለቤቱ የቀዳዳዋን ዋጋ ያጠራቅሙና ጣቃ ይገዙላታል፤ እሷ አሸክማ ወደ ቤት ትወስዳለች። ሰባት ሞላ። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ አልጋው ከፍ እንዲል እግሮቹ ሥር ጡብ አደረጉለት። «አሁን እንደ ንግሥት ወደ ላይ ወጥቼ ነው የምተኛው» ትል ነበር ደባሏ፤ የነርስ ተማሪ ናት፣ ቀልድ አታጣም።

ሦስተኛው ዓመት ከሌላው ይለያል። ሆስፒታል ገብተው የሚለማመዱበት ነው፤ ክፍያው ትልቅ ነው፣ ባንድ ጊዜ ነው የሚከፈለው። በቀኑ ያልከፈለ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል፤ በኋላ ልመለስ ቢል ከመጀመሪያው ዓመት ይጀምራል። ይህ ሁሉ በር ላይ በትልቁ ተለጥፏል። መዝጊያው ትምህርት ቤቶች በተከፈቱ በሦስተኛው ቀን ነው።

ፀሐይ ከመውጣቷ ስምንት ቀን ቀደም ብሎ አንድ ጨርቅ ነጋዴ ሰባቱንም በጥሩ ዋጋ ልግዛሽ ብሏት ነበር። አስልታ አየችው፤ ከክፍያው ጥቂት ይጎድላል። አንድ ሳምንት ብትታገሥ ዋጋው ይሞላል።

«ሽጪው» አለቻት ደባሏ። «የጎደለውን ከየትም እንለምናለን።»

«ልመና ይቅርብኝ። ሳምንት ምን አላት?»

ሳምንት ምን አላት ያለችውን ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንዳስታወሰችው እሷ ናት የምታውቀው።

እንግዲህ ያን ጠዋት ከጭቃው ወጥታ እግሯን ቧንቧው ሥር ተለቃልቃ ጫማዋን አጠለቀችና ገባች። መኪናዎቹ አይሰሙም። በዚያ ሰሞን መኪና ዝም አይልም፤ ገርሟት ቆመች።

«ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?» አለች እየሳቀች።

«ሰውስ ቢሞት ይቀበር ነበር» አለች መቀሷ።

ባለቤቱ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እያሹ ነው። ፊታቸው ያለው ጠረጴዛ ላይ አንድ ወረቀት ተዘርግቷል። ልጇን ልታስለካ የመጣች እናት ትታው የሄደችው ማስታወቂያ ነው። ጥጉ ላይ በመርፌ ቁልፍ የተያያዘ፣ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ጨርቅ አለበት። ቀለሙ ወይን ጠጅ ነው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች ተማሪዋ።

«ዩኒፎርም።»

«የማን?»

«የትልቁ ትምህርት ቤት።»

«የትልቁ ትምህርት ቤትማ አረንጓዴ ነው፣ ጋሼ።»

«ነበር» አሉ ባለቤቱ።

ወረቀቱን አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ቁራጯን ጨርቅ በጣቷ አሻሸቻት፣ የጨርቅ ሰው እንደሚያደርገው፤ ጥሩ ጨርቅ ነበረች። ከዚያ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠችና ትናንት የጀመረችውን ቀዳዳ መዘምዘም ቀጠለች። ማን እንደሚለብሰው ግን አልገባትም፤ ያም ሱሪ አረንጓዴ ነበር።

«የእኔ አሥራ አንድ ጣቃ ነው» አሉ ባለቤቱ ለማንም ሳይሆን።

«የእኔ አራት» አለች መቀሷ። «ባሌ ዛሬ በሳቅ ይሞታል። እሱ ይሻል ነበር፣ ቢያንስ ይጠጣበት ነበር።»

ከሰዓት በኋላ ተማሪዋ ኮረብታውን ወጣች። ምን ብላ እንደምትናገር መንገዱን ሙሉ ስታጠና ሄደች። ቢሮው በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ጠበቀች፤ ከጎኗ የልጃቸውን ውጤት ሊጠይቁ የመጡ ወላጆች ይገባሉ ይወጣሉ። ተራዋ ሲደርስ ዳይሬክተሯ፣ ደከም ያሉ ደግ ሴት፣ ወንበር አሳዩዋት።

«ወላጅ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«ለመምህርነት ነው?»

«አይደለም። እኔ… አረንጓዴ ጨርቅ አለኝ።»

ሴትዮዋ ከራስ እስከ እግሯ አዩዋት። ከዚያ ነገሩ ገባቸው፤ ቀና ብለው አስረዷት። ሌላ ሰፈር ያለ ትምህርት ቤትም አረንጓዴ ነው የሚለብሰው። የዚያ ልጆች መንገድ ላይ በተደባደቡ ቁጥር ክሱ እዚህ ይመጣል። ወላጆች ተሰብስበው በድምፅ ወሰኑ።

«ያለው ያለውን ይልበስ ብለናል። አዲስ የሚያሰፋ ግን አዲሱን ነው።»

«ለአንድ ዓመት ብቻ ቢቆይስ?»

«ልጄ፣ አዲሱ ጨርቅ እኮ ታዝዟል።» እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። «እናንተን ያሰበ ሰው አልነበረም። ክፉ ያሰበም የለም፣ እመኚኝ።»

አመነቻቸው። ቢዋሹላት ይሻላት ነበር፤ የምትጣላው ሰው ታገኝ ነበር።

ጨርቅ ነጋዴው ጋ ስትደርስ ሱቁ ከወለል እስከ ጣሪያ አረንጓዴ ነው። ገና ሳትናገር ሳቀ፤ የመከራ ሳቅ ነው።

«ከመጣሽ አይቀር አንቺ ግዢኝ።»

«ያን ቀን ያሉኝን ዋጋ ባይሆን በግማሹ…»

«ያን ቀንማ ሰው ነበርኩ። አሁን ለጋራዥ መወልወያ የሚገዛ አለ። ሩቡን እሰጥሻለሁ፤ እሱንም ስለማውቅሽ ነው።»

ሩቡ ምን ያደርግላታል? እምቢ ብላ ወጣች። በአራተኛው ቀን ተመልሳ መጣች። ያን ጊዜ ሩቡም አልነበረም፤ የመንገዱ ልብስ ሰፊ ሁሉ አረንጓዴውን አውጥቶ ስለጣለ የጋራዡ ሰዎች ለሁለት ዓመት የሚበቃ ጨርቅ አግኝተዋል።

ደባሏ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። «መጋረጃ እንስፋ» አለች። ባለቤቱ መኪናቸውን ፈቀዱላቸው። መጋረጃ ሰፉ፣ ሽርጥ ሰፉ፣ የትራስ ልብስ ሰፉ። ቤት ለቤት ዞሩ። ሥጋ ሻጩ ሁለት ሽርጥ ገዛ። አንዲት ፀጉር ሠሪ መጋረጃውን ገልጣ አይታ፣ «ቆንጆ ነው፤ ግን ክፍል ውስጥ ያለሁ እየመሰለኝ ደንበኞቼን ልቆነጥጥ ነው» ብላ መለሰችላቸው። በአሥር ቀን የሸጡት ከአንድ ጣቃ የተሰፋውን ነው፤ ያውም በግማሽ ዋጋ።

በዚህ መሃል ታላቅ ወንድሟ ደወለ።

«እህት ዓለም፣ ጨርቅ ነጋዴ ሆነሻል አሉ።»

«ማን ነገረህ?»

«እማዬ ናት። ስሚ፣ ገንዘብ አልጠይቅሽም፤ እሱን ካንቺ አፍሬያለሁ። አዲስ ቤት ገባን፣ መስኮቱ እርቃኑን ነው፣ ጎረቤት ሁሉ ያየናል። ካለሽ ላይ ትንሽ ጨርቅ ብትልኪልኝ።»

ተማሪዋ ስልኩን ይዛ ባለቤቱን አየቻቸው። ምናልባት ልትስቅ ነበር፣ ምናልባት ልታለቅስ። «እልክልሃለሁ» አለች። አንድ ጣቃ ላከችለት።

መዝጊያው ቀን የያዘችውን ይዛ ኮሌጅ ሄደች። ባለቤቱ ከኪሳቸው ያላቸውን ጨመሩ፤ ደባሏም ለራሷ ከያዘችው ላይ ሰጠቻት። ተደማምሮ ከግማሽ በታች ነው። ሬጅስትራሯ መስታወት ውስጥ ነው የምትቀመጠው፤ መስታወቱ ላይ አፍ የምታህል ቀዳዳ አለች፣ ሰው ጎንበስ ብሎ ነው የሚናገረው። ተማሪዋ ጎንበስ አለች።

«ግማሹን ተቀብላችሁ ቀሪውን በወሩ…»

«ኮምፒውተሩ አይቀበልም፣ እህቴ።»

«እርስዎ በእጅ ቢጽፉልኝስ?»

«በእጅ መጻፍ ከቀረ ቆይቷል።» ሴትዮዋ ተናዳ አልነበረም የተናገረችው። ከተማሪዋ ኋላ ያለውን ሰልፍ በዓይኗ ለካችው። «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እንጠብቅሻለን። ከየትም ብለሽ አምጪው።»

ከየትም። ተማሪዋ ከበሩ ውጪ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። የምትሄድበት ቦታ አስባ አጣች። የሚያውቋት ሰዎች ሁሉ አረንጓዴ ይዘው የተቀመጡ ናቸው። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን መስኮቱ ሲዘጋ ሰማችው፤ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈችና ወደ ቤቷ አንድ ሰዓት ከሩብ ሄደች። ታክሲ የምትይዝበት ገንዘብ እጇ ላይ ነበር። ልማድ ሆኖባት አልያዘችም።

ለሰዎቹ ገንዘባቸውን መለሰች። ጫማው ለደባሏ ቀረ፤ ልብስ ቤት ለመዋል ነጠላ ጫማ ይበቃል። «በሚቀጥለው ዓመት ከመጀመሪያው ትጀምሪያለሽ» አለቻት ደባሏ። ከሁለት ወር በኋላ ደባሏ የሆስፒታል ነጭ ጋዋኗን ይዛ መጣች። ሰፊው የቁልፍ ቀዳዳውን አበላሽቶባት ነው። ተማሪዋ ፈትታ አምስቱንም እንደገና ዘመዘመችላት።

«ስንት ነው?» አለች ደባሏ ለቀልድ።

«ሂጂ ከዚህ!»

ባለቤቱ ከጠረጴዛቸው ሆነው፣ «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ፣ ልጄ» ብለው ደባሏን መረቋት።

«ኧረ ጋሼ፣ ጨርቁስ ይቅር» አለች መቀሷ። ሦስቱም ሴቶች ሳቁ። ባለቤቱ ግን አልሳቁም። ያን ዓመት ሙሉ ለተማሪዋ ይቅርታ ሊሏት አፋቸውን ከፍተው እንደገና ሲዘጉት ታያቸው ነበር። በመጨረሻ አንድ ቀን መቀሷ ታማ ስትቀር፣ «ነይ መኪናው ላይ ተቀመጪ፤ ላሳይሽ» አሏት። ይቅርታው ያ ነበር። መቀሷም ወደ ሥራ ሳትመለስ ቀረች፤ መኪናው ለተማሪዋ ሆነ።

በሚቀጥለው ዓመት እናቷ ታመመች። ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት የቤት ኪራይ ጨመረ። ከዚያ በኋላ ያለው ደግሞ ዝም ብሎ አለፈ። የተረፈው አረንጓዴም ለኪስና ለገበር እየተቆረጠ አንድ ጣቃ ብቻ ቀረ። ቡናማዎቹ ወረቀቶች አንድ ካርቶን ውስጥ ነበሩ፤ አንድ ክረምት የልኬት ወረቀት ሲጠፋ አወጣቻቸውና በእጅጌው በኩል ተጠቀመችባቸው።

አሁን ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው። እዚያው መንገድ ላይ፣ እዚያው ልብስ ቤት፣ በበሩ በኩል ባለው መኪና ላይ ትሰፋለች። ባለቤቱ ዓይናቸው ደክሞ ቤት ውለዋል፤ በሳምንት አንድ ቀን መጥተው በርጩማው ላይ ይቀመጣሉ። ሰሞኑን የምትሰፋው ወይን ጠጅ ዩኒፎርም ነው። ከዚያ ወዲህ ለሽያጭ ጨርቅ አስቀምጣ አታውቅም፤ ገንዘብም ብዙ አይቆይላትም። ሰዉ አሁንም ተማሪዋ ነው የሚላት። አዲስ ደንበኛ «ምን ትማሪያለሽ?» ብሎ ሲጠይቃት «ትቼዋለሁ» ትላለች፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። ከሰባቱ ጣቃ አንዱ ሳይፈታ አልጋዋ ሥር አለ።